የአራት ዓመት ልጄን ጥርስ ሐኪም ጋ ልወስዳት ነው፤ ምን ብዬ ልንገራት?

የጀሞዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ጥርሷን ሳጸዳላት ታች በኩል መንጋጋዋ ላይ ቡናማ ነገር አየሁ፤ በስልኬ መብራት ሳየው ሰርጎድ ብሏል። ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣም ጉንጯን ትይዛለች። ለቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ ይዣለሁ። አማቴ «የወተት ጥርስ አይደል እንዴ፣ ነገ ለሚወልቅ ምን አስጨነቀሽ?» ይሉኛል። እኔን የጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ልጄ ነጭ ጋወን ካየች ትንቀጠቀጣለች። አክስቷ ደግሞ ምግብ እምቢ ባለች ቁጥር «ዶክተሩን ልጥራልሽ? መርፌ ይወጋሻል!» ትላታለች። ምን ብዬ ልውሰዳት? ሽርሽር ነው ልበላት?

የወንጂ ልጅ፦
ቡናማ ሁሉ የተበላ ጥርስ አይደለም። እኛ አገር ውሃው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ስለሚበዛበት (በልኩ ሲሆን ጥርስን ይጠብቃል፣ ሲበዛ ነው የሚያበልዘው) ስንቱ ጥርሱ በልዞ ነው ያደገው። ያንቺ ልጅ ግን ሰርጎድ ካለና ቀዝቃዛ ከተሰማት መታየት አለበት። ቀጠሮውን እንዳትሰርዢው።

ነርሷ፦
እህቴ፣ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው፤ እንዳንቺ ልጅ ያሉትን በየቀኑ አያለሁ። አማትሽን በአክብሮት አስረጂያቸው። የፊቶቹ የወተት ጥርሶች ከስድስት ዓመት ጀምሮ ይወልቃሉ። የኋላ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10፣ አንዳንዴም እስከ 12 ዓመት ድረስ የምታኝክባቸው ናቸው። ያለጊዜያቸው ከተነቀሉ ጎረቤቶቻቸው ወደ ክፍተቱ ያዘነብሉና ከሥር የሚመጣው ጥርስ መውጫ ያጣል።

ሽርሽር ነው አትበያት። በሩ ላይ ስትደርስ ይገባታል፣ ከዚያ ወዲያ ቃልሽን አታምንም። «አያምሽም፣ መርፌ የለም» ብለሽም ቃል አትግቢላት፤ ምን እንደሚሠራላት ገና አልታወቀም። እኔ ብሆን ሐሙስ ወይ ዓርብ ማታ እንዲህ ነበር የምላት፦ «ቅዳሜ ጥርስ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ከፍ ዝቅ የሚል ትልቅ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። አፍሽን ትከፍቺና በትንሽ መስታወት ጥርሶችሽን ያያሉ። እኔ አጠገብሽ ነኝ።» በቃ፣ ከዚህ አታስረዝሚው። «አትፍሪ» የሚለውንም ተይው፤ ልጅ አትፍሪ ሲባል የሚያስፈራ ነገር አለ ማለት ነው። ስለ መርፌ ከጠየቀችሽ «ሐኪሙ አይቶ ይነግረናል፣ አብረን እንሰማለን» በያት።

እስከዚያው ማታ ማታ ሶፋ ላይ ጭንሽን አስደግፈሽ አስተኚያትና በማንኪያ ጀርባ ጥርሷን ቁጠሪላት። ላይ 10፣ ታች 10 ናቸው። የስልክሽን መብራትም አብሪ፣ እዚያም መብራት ፊቷ ላይ ይበራል። ከዚያ ተራው የሷ ይሁን፤ ያንቺን ትቁጠር።

አክስቷን ግን ዛሬውኑ አናግሪያት። ይሄን ነገር ሳነሳ ሆዴ ይቃጠላል። ጉንጩ አብጦ፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ የመጣ ልጅ እጃችንን ሲያይ ወንበሩ ሥር ይገባል፤ ቤት ውስጥ ሐኪም ማለት ቅጣት ነው ተብሎ ነው ያደገው።

ካርድ ስታወጪ «የመጀመሪያዋ ነው፣ ነጭ ጋወን ትፈራለች» በያቸው። ጋወናቸውን አውልቀው የሚቀበሉ ሐኪሞች አሉ። ጥሩ ሐኪም አስቀድሞ ይነግራታል፣ ያሳያታል፣ ከዚያ ነው የሚሠራው። ውሃ የሚረጨውን መሣሪያ መጀመሪያ እጇ ላይ ይሞክርላታል። በግድ ይያዝና አፏ ይከፈት ከተባለ ግን፣ እብጠት ወይ ትኩሳት ከሌላት፣ «ሌላ ቀን እንመለሳለን» ለማለት አትፈሪ።

የሁለት ልጆች አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦
የኔ ትንሹ ሦስት ዓመቱ ላይ ወንበሩን እምቢ ብሎ ነበር። እኔ ወንበሩ ላይ ተኝቼ እሱን ደረቴ ላይ አስተኛሁት፤ እንደዚያው ሆኖ ታየ። ጠይቂያቸው፣ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ጥርሱንም በአማርኛ አብረን ቆጠርን፣ ሐኪሟም ጠበቀችን።

የጀሞዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አክስቷን አናገርኳት፣ መጀመሪያ ከፋት፣ ኋላ ግን ገባት። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ይሞላ ካሉ ማደንዘዣው ልጅ ላይ ችግር አለው? የጥርስ ሳሙናውስ ምን ያህል ላድርግላት?

ነርሷ፦
ሳሙናው ፍሎራይድ ያለው ይሁን፤ ለሷ ዕድሜ አተር ታህል ይበቃል፣ ትትፋው። ማታ ካጸዳሽላት በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አይግባ፣ ወተትም ቢሆን። ማደንዘዣውን መጠኑን በክብደቷ ያሰሉታል፤ የሚያማት በሽታ ወይ የማይስማማት መድኃኒት ካለ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ከሰጧት ከንፈሯና ጉንጯ ለሁለት ሦስት ሰዓት ይደነዝዛል። ልጆች ስለማይሰማቸው ከንፈራቸውን ያኝኩታል፣ ማታ አብጦ ወላጅ ይደነግጣል። ስለዚህ እስኪለቃት ምግብ አትስጫት፣ ዓይንሽንም ከአፏ አትንቀዪ።