ውሃው ለምን ምልክት አሳየ? ስለ ሪል ታይም ፒሲአር ከጅማ የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ። ጅማ ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ በወባ ላይ የምሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በማጣሪያ ወረቀት ላይ ከደረቀ የጣት ደም ዲኤንኤ አውጥቼ በሪል ታይም ፒሲአር (ዲኤንኤን በዑደት እያባዛ በየዑደቱ በሚለካ ዘዴ) እና ሳይበር ግሪን በተባለው ቀለም የወባ ተውሳክን ዘረመል ስፈልግ፣ በናሙና ፈንታ ውሃ ብቻ የጨመርኩበት ኔጌቲቭ ኮንትሮል በ36ኛው ዑደት ምልክት አሳየኝ። በማይክሮስኮፕ ነጻ የተባሉ ሁለት ናሙናዎችም በ35 እና በ36 ወጥተዋል። ወባ አለባቸው ብዬ ልመዝግብ? ኪቱ በብዙ ልፋት የተገኘ ስለሆነ በከንቱ መድገም አልፈልግም።

መልስ 1፦
አትመዝግቢያቸው። ቱቦው 95 ዲግሪ ሲደርስ የዲኤንኤው ሁለት ሰንሰለቶች ይለያያሉ፤ ወደ 60 ገደማ ሲወርድ ፕራይመሮቹ (ቅጂው የሚጀምርበትን ቦታ የሚይዙ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) ቦታቸውን ይይዛሉ፣ ኢንዛይሙም ይገለብጣል፤ በዚህም መጠኑ በየዑደቱ እጥፍ ይሆናል። ሳይበር ግሪን ከድርብ ሰንሰለት ጋር ሲጣበቅ ስለሚያበራ ማሽኑ ብርሃኑን በየዑደቱ ይለካል፤ ብርሃኑ ከመነሻ መስመሩ ያለፈበትን ዑደት ሲቲ እንለዋለን። የ3.3 ዑደት ልዩነት 10 እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ በ25 የወጣ ናሙና በ35 ከወጣው 1,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በ35 እና በ36 ላይ የምንነጋገረው ስለ ጥቂት ቅጂዎች ነው፤ ውሃውም እዚያው ከወጣ ናሙናውን ከውሃው የሚለይልሽ ነገር የለም።

መልስ 2፦
እህቴ፣ ሌላ ኪት ሳትከፍቺ የሜልት ከርቩን፣ ማለትም ምርቱ በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ በጫፍ የሚያሳየውን መስመር፣ ተመልከቺ። ሳይበር ግሪን ያገኘውን ድርብ ሰንሰለት ሁሉ ያበራል፣ ፕራይመሮች እርስ በርሳቸው ተያይዘው የሠሩትን ቁራጭ ጭምር። ይህ ቁራጭ አጭር ስለሆነ ከትክክለኛው ምርት ዝቅ ባለ ሙቀት ይቀልጣል። የውሃው ጫፍ ከፖዘቲቭ ኮንትሮሉ (ተውሳኩ እንዳለበት ከሚታወቀው ናሙና) ጫፍ ጋር ከገጠመ ግን ብክለት ነው። እኔ አንድ ወር ሙሉ የደከምኩት፣ ሩጫው ያለቀ ቱቦ ማስተር ሚክስ (የኢንዛይሙና የፕራይመሮቹ ድብልቅ) በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ በመከፈቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለቀ ቱቦ አልከፍትም፣ ማጣሪያ የሌለው ቲፕም አልነካም፣ ጠረጴዛውንና ፒፔቶቹንም በተበጠበጠ በረኪና እጠርጋለሁ። ውሃውን ለብቻው በትንንሽ ቱቦዎች ከፋፍለሽ አስቀምጪ።

መልስ 3፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ የምጨምረው ከሕክምናው በኩል ነው። ለሕሙማን ውጤት ሲሆን እንደ ታቅማን ያለ ፕሮብ (ብርሃን ሰጪ የተያያዘበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) የተሻለ ነው፤ ብርሃን የሚሰጠው ፕሮቡ በራሱ ቅደም ተከተል ላይ ተቀምጦ ኢንዛይሙ ሲቆርጠው ብቻ ስለሆነ፣ የፕራይመሮች ጥምረት አያሳስትም። በሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የምናውቀው ጂንኤክስፐርት የሚሠራው በሪል ታይም ፒሲአር ነው፤ የኤችአይቪ ቫይረስ መጠን ልኬትም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ዘዴ ይሠራል፤ ቫይረሱ አርኤንኤ ስለሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ መገልበጥ አለበት። ቁጥር ለመስጠት መጠናቸው የታወቀ ናሙናዎችን በየ10 እጥፍ አቅጥነሽ ሲቲያቸውን ከመጠናቸው ጋር የሚያያይዝ መስመር ሥሪ፤ ቁልቁለቱ ወደ -3.3 ከተጠጋ ቅጂው በየዑደቱ በእርግጥ እጥፍ እየሆነ ነው። ሌላው የደም ጉዳይ ነው፦ ሄሞግሎቢን ኢንዛይሙን ስለሚያግድ ፖዘቲቭ የሆነው ናሙና ነጻ ሊመስል ይችላል። ከጠረጠርሽ ዲኤንኤውን 10 እጥፍ አቅጥነሽ ድገሚው፤ ሲቲው ከመዘግየት ይልቅ ከፈጠነ አጋጁ ተገኘ ማለት ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሜልት ከርቩን አየሁት፤ ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ በ77 ዲግሪ፣ ውሃውና በ36 የወጣው ናሙና ግን በ71 ቀልጠዋል። በ35 የወጣው ናሙና ሁለት ጫፎች አሉት፣ አንዱ በ77 ላይ ነው። እርሱን ብቻ ነገ በሦስት ቱቦ እደግመዋለሁ፤ የፕራይመሩንም መጠን እቀንሳለሁ።