የግራው እርካብ ጠፍር እየረዘመ አስቸገረኝ

ለግልቢያ ኮርቻ የእርካብ ጠፍር ሠርቼ ነበር። ቆዳው በዛፍ ልጥ የለፋ የበሬ ቆዳ ነው፤ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 3 ሳንቲሜትር። ሁለቱንም ከጀርባው፣ በአከርካሪው አቅጣጫ ቆረጥኳቸው፤ የሆዱ ቆዳ ስለሚለጠጥ አልነካሁትም። አርጥቤም 20 ኪሎ አንጠልጥዬባቸው ሁለት ቀን ቆዩ። እንዲያም ሆኖ በወሩ የግራው ከቀኙ በ2 ሳንቲሜትር በለጠ፤ ክብ የነበሩት የዘለበት ቀዳዳዎችም እንቁላል መስለዋል። ፈረስ ላይ የሚወጣው በግራ ስለሆነ ምክንያቱ አይጠፋኝም። በየሳምንቱ ግራና ቀኙን ማቀያየር መርዘሙን አዘገየው እንጂ አላቆመውም።

አሁን ያሰብኩት 2 ሚሊሜትር በሆኑ ሁለት ቆዳዎች መሃል 2 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው የናይለን ጥብጣብ አስገብቶ፣ በወስፌ በየ4 ሚሊሜትሩ እየበሱ በሰም ክርና በሁለት መርፌ መስፋት ነው። ስፌቱ ናይለኑን ወግቶ ይለፍ ወይስ ከናይለኑ ውጪ በቀረው የቆዳ ጠርዝ ላይ ብቻ ይሂድ?