«እግሬ ባይድንስ?»፦ የዊልማ ሩዶልፍ ታሪክና አንዲት ተማሪ ያነሣችው ጥያቄ

ጥያቄ፦ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ከማስተምራቸው ልጆች መካከል የግራ እግሯ ከቀኙ የቀጠነና የደከመ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ አለች፤ ቤተሰቦቿ እንደሚሉት እግሯ የሰነፈው በሕፃንነቷ መርፌ ከተወጋች በኋላ ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ጥግ ይዛ ስለምትቀመጥ፣ ላበረታታት ብዬ የአሜሪካዊቷን የዊልማ ሩዶልፍን ታሪክ ለክፍሉ ተረክሁ፤ ከ22 ልጆች 20ኛ ሆና ያለ ጊዜዋ መወለዷን፣ የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ይዟት በብረት ድጋፍ መሄዷን፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር፣ በ200 ሜትርና በዱላ ቅብብል ሦስት ወርቅ ማግኘቷን ነገርኳቸው። ክፍሉ አጨበጨበ። ልጅቱ ግን ከክፍል ስንወጣ ጠብቃኝ «መምህር፣ እሷ እኮ እግሯ ዳነላት፤ የእኔ ባይድንስ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሳላስበው «እንደ እሷ ብትበረቺ ኖሮ ትድኚ ነበር» ያልኳት መስሎ ተሰማኝ። ምን ልበላት? ከዚያስ ምን ላሠራት?

መልስ 1፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

መምህር፣ ልጅቱ ከታሪኩ የጎደለውን አይታለች። የልጅነት ልምሻ ቫይረስ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ጡንቻን የሚያዝዙትን የነርቭ ሕዋሳት ይገድላል፤ የሞቱት አይመለሱም፣ የተረፉት ግን አዲስ ቅርንጫፍ አውጥተው አዛዥ ያጣውን ጡንቻ በከፊል ሊረከቡት ይችላሉ። ስለዚህ አንዱ ሕፃን ቆሞ ሲሄድ ሌላው የማይሄደው በአብዛኛው በተረፈው ሕዋስ ብዛት እንጂ በወኔ ብልጫ አይደለም።

በዊልማ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሜዳሊያው ይልቅ የሚገርመኝ የአውቶቡሱ ጉዞ ነው። በሚኖሩበት በክላርክስቪል ከተማ ጥቁሮች የሚያገኙት ሕክምና እጅግ ጥቂት ስለነበር፣ በሰው ቤት እየሠራች የምትተዳደረው እናቷ ብላንሽ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በናሽቪል ወደሚገኘው የጥቁሮች የሕክምና ኮሌጅ፣ ወደ ሜሃሪ፣ በየሳምንቱ ትወስዳት ነበር፤ ቤት ሲመለሱ ደግሞ ቤተሰቡ እየተፈራረቀ በቀን አራት ጊዜ እግሯን ያሽላት ነበር። እሽታው የሞተ ነርቭ ባያስነሣም መገጣጠሚያው እንዳይደርቅና ጡንቻው እንዳያጥር ይረዳል። ድጋፉንና ልዩ ጫማውን የተገላገለችው 12 ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። ታሪኩን ሲተርኩ ይህን ክፍል ባያሳጥሩት መልካም ነው።

የተማሪዎ ሁኔታ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። መቀመጫ ላይ የሚሰጥ መርፌ ቦታውን ስቶ ዋናውን የእግር ነርቭ ሲጎዳ ልጁ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለውን እግሩን ቀና ማድረግ ያቅተዋል። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ነርቩ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም፤ ሆኖም የሚንጠለጠለውን እግር የሚይዝ ድጋፍ አካሄዷን በእጅጉ ሊያሻሽል ስለሚችል፣ ማናቸውንም ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት ትመርመር።

መልስ 2፦ በክራንች የምሄድ የአዲስ አበባ ነዋሪ

ለልጅቱ ያልዳነ ሰው ታሪክ ይንገሯት። የዊልቸር ተወዳዳሪዋ ታቲያና ማክፋደን እ.ኤ.አ. በ1989 ሌኒንግራድ ውስጥ አከርካሪዋ ሳይዘጋ ተወለደች፤ በዚህም ከወገቧ በታች ሽባ ሆነች፤ ሕፃናት ማሳደጊያው ዊልቸር ስላልነበረው በልጅነቷ በእጆቿ ነበር የምትሄደው። በአንዲት አሜሪካዊት በማደጎ ተወስዳ በ15 ዓመቷ በአቴንስ ፓራሊምፒክ ብርና ነሐስ አገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የቦስተንን፣ የለንደንን፣ የቺካጎንና የኒውዮርክን ማራቶን በዊልቸር በአንድ ዓመት ውስጥ አሸነፈች። እግሮቿ አንድም ቀን አልዳኑም። ከአቴንስ ሜዳሊያዋን ይዛ ስትመለስ እንኳ ከእኩዮቿ ጋር በትምህርት ቤት ውድድር እንድትሳተፍ ስላልተፈቀደላት፣ እሷና እናቷ ፍርድ ቤት ሄደው ረቱ፤ የሜሪላንድ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2008 አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች በስፖርት የመሳተፍ መብት እንዲኖራቸው በሕግ ደነገገ። ለእኔ ከማራቶኖቹ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሥራዬ የጓደኞቼን ልብስ መጠበቅ ነበርና።

በአገራችን ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ለኢትዮጵያ አስገኝታለች፤ በፓሪስም እሷና ያየሽ ጌቴ በ1500 ሜትር ወርቅ አምጥተዋል። እነዚህ ግን በዓይነ ስውርነትና በማየት ችግር ምድብ የተገኙ ድሎች ስለሆኑ፣ ለተማሪዎ የሚሆነው መንገድ ሌላ ነው። እግር የተጎዳበት ሰው እንደ ጉዳቱ መጠን ቆሞ ይሮጣል፣ በዊልቸር ይወዳደራል፣ ወይም ተቀምጦ አሎሎ፣ ዲስከስና ጦር ይወረውራል። የመወዳደሪያ ዊልቸር ለእኛ አቅም እጅግ ውድ ነው፤ ተቀምጦ ለሚወረወር አሎሎ የሚያስፈልገው ግን ከመሬት ጋር በደንብ የታሰረ ጠንካራ መቀመጫ ብቻ ነው። የመቀመጫው ከፍታ፣ ትራሱ ተጨምሮበት፣ ከ75 ሳንቲሜትር አይበልጥም።

መልስ 3፦ አንድ አንባቢ

ሮም 1960 ከተነሣ አበበ ቢቂላን ማለፍ አይቻልም፤ ዊልማ በሮጠችበት ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጀግና እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በቀስት ተወዳድሯል። ልጅነትን የሚመለከት ባይሆንም ተማሪዎ ስሙን ታውቀዋለች።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ልጅቱን ጠርቼ ጥያቄዋ ትክክል እንደነበረ፣ የዊልማን ታሪክም አጉድዬ እንደነገርኳት ገለጽኩላት። ስለ ታቲያና ስነግራት «በእጇ ብቻ?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ለምርመራው ከእናቷ ጋር ተነጋግረናል። አሎሎ በዕቃ ቤታችን አለ፤ መቀመጫውን የሰፈራችን በያጅ በብረት እሠራዋለሁ ብሏል። ሁለተኛውን መልስ የሰጡኝን ልጠይቅ፦ ሜዳችን አፈር ስለሆነ መቀመጫውን በችካልና በገመድ ከአራት አቅጣጫ ብወጥረው ይይዛል ወይስ ሲሚንቶ ማፍሰስ ይኖርብኛል?