የቀጠና ጥናት መድረክ በወሎ፤ በምን ርእስ እንክፈተው?

ከጦሳ ሥር (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ወሎ ውስጥ ባለ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ታሪክ አስተምራለሁ። በየወሩ አንድ ቀን ስለ ዓለም አቀፍ ግንኙነትና ስለ ልዩ ልዩ ቀጠናዎች የምንወያይበት፣ ለተማሪውም ለከተማው ነዋሪም ክፍት የሆነ መድረክ ለማቋቋም አስበናል። አምና አንድ ጊዜ ሞክረን ነበር። ማስታወቂያው ላይ «የአካባቢ ጥናት» ብለን በመጻፋችን ስለ ደንና ስለ አፈር ጥበቃ ሊሰሙ የመጡ የግብርና ባለሙያዎች የፊቱን ወንበር ያዙት፤ አቅራቢያችን ደግሞ ስለ ቀይ ባሕር ፖለቲካ የጻፈውን በእንግሊዝኛ ሲያነብ ቆይቶ ከሻይ ዕረፍት በኋላ የተመለሰው ሰው በጣት የሚቆጠር ሆነ። የመጀመሪያው መድረክ በምን ርእስ ቢከፈት ይሻላል? ቋንቋውስ የትኛው ይሁን?

የአምባሰል ልጅ፦
ወንድሜ፣ ርእሱ ደጃችሁ ላይ ነው። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር የተዋዋሉት ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በውጫሌ ነው። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ ሲናገር፣ የኢጣልያንኛው ግን ነገሩን ግዴታ አድርጎት ሮም ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት ለማለት ተጠቀመችበት፤ ጠቡም እስከ ዓድዋ አደረሰ። ስለዚህ ንግግር አታዘጋጁ። አንዱ የአማርኛውን፣ ሌላው የኢጣልያንኛውን አንቀጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ የኢጣልያንኛው ቃል በቃል ይተርጎምና ታዳሚው ይከራከርበት። የቋንቋው ጥያቄም በዚያው ይመለሳል፤ ውይይቱ በአማርኛ፣ ሰነዱ በተጻፈበት ቋንቋ።

ሐይቅ ዳር፦
የአምባሰሉን ወንድሜን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ውጫሌን መርጠን ብንጀምር ዞረን ራሳችንን ማጥናታችን ነው። አሜሪካኖች ሶቪየቶች ስፑትኒክን ባመጠቁ በዓመቱ፣ በ1958 እ.ኤ.አ.፣ ባወጡት ሕግ ለዩኒቨርሲቲዎቻቸው ገንዘብ የመደቡት የሌላውን ሕዝብ ቋንቋና አገር እንዲያስተምሩበት ነበር። ለሥልጣናቸው ብለው እንዳደረጉት አይካድም። እኛስ ማንን አጥንተናል? ወሎ ውስጥ ልጁን ዐረብ አገር ያልሸኘ ቀበሌ ማግኘት ይቸግራል፤ ሠራተኛውን በአሠሪው ስም የሚያስረው «ከፋላ» የተባለው ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ ለወላጆች በአማርኛ ያስረዳ መድረክ ግን እኔ አላየሁም። ጅዳ ዓመታት ሠርታ የተመለሰች እኅታችን ከአንድ የሕግ ባለሙያ ጎን ተቀምጣ ብትናገር አዳራሹ አይበቃም። ደግሞም ዐረብኛ ለወሎ እንግዳ አይደለም፤ ዳናና ጀማ ንጉሥ በተባሉት የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ያሉ ሊቃውንት ሲያስተምሩበት ኖረዋል፣ የአማርኛ መንዙማንም በዐረብኛ ፊደል፣ አጀሚ በሚባለው አጻጻፍ፣ ጽፈው አቆይተዋል። ማዶውን ከዩኒቨርሲቲው ቀድመው ያወቁት እነሱ ስለሆኑ ከሊቃውንቱ አንድ ሸኽ ጋብዛችሁ የክብር ወንበር ስጧቸው።

ባቲ፦
እኔ የማወራው ስለ አሠራሩ ነው። ሰኞ አታድርጉት፤ የባቲ ገበያ ስለሆነ ከእኛ ወገን የሚመጣ አይኖርም። ሻዩ ከውይይቱ በኋላ ይሁን። ጥያቄ ልጠይቅ ብሎ ተነሥቶ ሌላ ንግግር የሚያደርገውን ሰው የሚያስቆም፣ የማያፍር መድረክ መሪም ምረጡ።

ከጦሳ ሥር (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። ስሙን «የቀጠና ጥናት» ብለን እንለውጠዋለን። ከባልደረቦቼ ጋር ተነጋግረን በከፋላ ለመክፈት ወስነናል፤ ልጆቹ እየሄዱ ስለሆነ ያ ጉዳይ ቀጠሮ አይሰጥም። ሐይቅ ዳር፣ ፈቃድሽ ከሆነ ሸኹን የምናገኝበትን መንገድ ብታመለክቺኝ ደስ ይለኛል። የውጫሌውን ለሚያዝያ 25 አቆይተነዋል፤ የ1881ዱን የኢጣልያንኛ ጽሑፍ አንብቦ መተርጎም የሚችል የምታውቁ ካላችሁ እዚሁ ጠቁሙኝ።