«ቲቸር» ይቅር? ከቀረስ ማን ይተካው?

አወያይ፦ የሳምንቱ መከራከሪያ ይህ ነው። በጎጃም ከተሞች፣ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ያንደኛ ደረጃ ልጅ አስተማሪውን «ቲቸር» ብሎ ይጠራል። ትምህርቱ በአማርኛ፣ ተግሣጹ በአማርኛ፣ ጥሪው በእንግሊዝኛ። ቃሉ ከክፍል ይውጣ ወይ? ከወጣስ ምን ይግባ? «ባህላችን ነው» ብሎ ማለፍ የለም። ቃሉ ከየት እንደ መጣና ክፍል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያስከትል ንገሩን።

የዲማ ደጅ፦ ይህ ምን ያከራክራል? «የኔታ» እያለ! አገሩ እኮ ጎጃም ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ እያለ የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ ከየአገሩ የሚጎርፍበት ምድር። ከጉባኤ ቃናው 2 ቤት አንሥቶ እስከ መወድሱ 8 ቤት ድረስ የተማሪውን ቅኔ ሰምቶ የሚያርመው ሰው መጥሪያው «የኔታ» ነው። «የኔ ጌታ» በጥድፊያ ሲነገር «ጌ» ወደቀችና «የኔታ» ቀረ። አክብሮትም ፍቅርም ያለበት ቃል ነው። «ቲቸር» ውስጥ ምን አለ?

ሰዋስው፦ ጋሼ፣ አፈታትዎ ልክ ነው። ግን ሁለት ነገር ተደባልቆብናል። አንዱ የሙያ ስም ነው፣ ደመወዝ መክፈያው ላይ የሚጻፈው። ሌላው መጥሪያ ነው፣ ልጁ እጁን አውጥቶ የሚለው። ብዙ ቋንቋ ሁለቱን ይለያቸዋል። ጃፓናዊ አስተማሪ ሥራው ሲጠየቅ «ኪዮሺ ነኝ» ይላል። «ሴንሴይ ነኝ» ቢል ራሱን ማንቆለጳጰስ ይሆንበታል። ተማሪው ደግሞ የሰውየውን ስም አስቀድሞ «ሴንሴይ» ይለዋል እንጂ በ«ኪዮሺ» አይጠራውም። «ሴንሴይ» በፊደሉ «ቀድሞ የተወለደ» ማለት ነው። ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ የምክር ቤት አባሉም ይጠሩበታል።

እንግሊዝኛውም ያው ነው። «ቲቸር» የሙያ ስም ነው። እንግሊዝ አገር ያለ ልጅ «ሰር» ወይም «ሚስ» ይላል፣ አለዚያ «ሚስተር» ብሎ የቤተሰብ ስም ያስከትላል። እኛ የሙያ ስማቸውን ወስደን መጥሪያ አደረግነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ መስሎን የምንሟገትበት ጥሪ የራሳችን ፈጠራ ነው።

ዓባይ ማዶ፦ ይህ ለእኔ ወገን የሚከራከር ነጥብ ነው፤ አመሰግናለሁ። «ቲቸር» አማርኛ ሆኗል። «ቲቸሮች»፣ «ቲቸሯ»፣ «ቲቸራችን»፣ «የቲቸር ልጅ» እያለ እንደ ማንኛውም ቃላችን ይረባል። ስዋሂሊን እዩ። አረቦች «ሙዓሊም» ይላሉ፣ «ዕውቀት የሚያስይዝ» እንደ ማለት። ስዋሂሊ ቃሉን ሲወስድ መነሻዋን «ሙ» የራሱ የሰው ስም መነሻ አድርጎ ቆጠራትና «ምዋሊሙ» አለ፤ ሲበዛ ደግሞ «ዋሊሙ»። «ኪታቡ» ሲበዛ «ቪታቡ» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ታንዛኒያውያን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንታቸውን ኔሬሬን «ምዋሊሙ» ሲሉ ባዕድ ቃል ተናገርን ብለው አያፍሩም። ሶማሊውም «መዓሊን» ይላል። «ኡስታዝ»ም ቢሆን ዐረብኛ ከፋርስ የተዋሰው ነው።

ደግሞም «ቲቸር» ወንድና ሴት አይለይም፣ ሃይማኖት አይለይም። የዲማው ጋሼ «የኔታ» ሲሉ ግን እዚያው ክፍል ቁርኣን የሚያስቀራውን ሰው «ኡስታዝ» ወይም «ሼህ» የሚል ልጅ ተቀምጧል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ንኡስ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይሰጥ ይላል። አንድ ወላጅ ይህን ይዞ ቢመጣ ርዕሰ መምህሩ ምን ይመልሳል?

የዲማ ደጅ፦ «ጌታ» የቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው ያለው ማነው? ብላቴን ጌታ የቤተ መንግሥት ማዕረግ አልነበረም?

ፋግታ፦ ማዕረጉስ ነበር፤ የወንድ ነበር። የእኔ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። አንደኛ ክፍል በር ላይ ቁሙና ተመልከቱ፣ ብዙውን ጊዜ የምታስተምረው ሴት ናት። «ጌታ» ልትባል ነው? የሴቱ አቻ «እመቤቴ» ነው፤ እሱም አጥሮ «እሜቴ» ሆኗል፣ ግን «እሜቴ» የባለቤትና የአሽከር ቃል ነው፤ የትምህርት ሽታ የለውም። ጎጃም እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያለች የቅኔ መምህርት አፍርቷል። ሙያው ሴት አያውቅም አትበሉኝ፤ ለሴት ያልተሰፋው ቃሉ ነው።

ግዕዝ ዘዳሞት፦ እቴ፣ ግዕዙ ሰፍቶላት ነበር። መምህር፣ መምህርት፣ ብዙዎቹ መምህራን፣ መምህራት። እኛ ነን ሴቷን የጣልናት። «መምህራኖች» የሚለውንም እግረ መንገዴን ልውቀስ፤ «መምህራን» ራሱ ብዙ ነው፣ በላዩ «ኦች» መደረብ ካባ ላይ ካባ ነው።

የእኔ ድምፅ ለ«መምህር» ነው። ሥሩ «መሀረ» ነው፣ በሃሌታው ሀ፣ ማስተማር። በሐመሩ ሐ ሲሆን «መሐረ» ይቅር ማለት ነው፣ «ምሕረት» የወጣው ከዚያ ነው። አማርኛ ሁለቱን ድምፅ ስላዋሐደው «ማረው» እና «ተማረ» ከአንድ ቤት የወጡ ይመስላሉ እንጂ ጎረቤት እንኳ አይደሉም። ስለዚህ የክፍል በር ላይ «መምሕር» ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ መሐሪ ታደርጉታላችሁ። መሐሪ ቢሆንስ ምን ነበረበት!

«አስተማሪ» ደግሞ ሌላ ነው። ከ«ተማረ» የወጣ የአማርኛ አስደራጊ ነው፣ «እንዲማር የሚያደርግ»። ኦሮምኛም «በርሲሳ» ሲል ይህንኑ ያደርጋል፣ «በረቹ» መማር፣ «በርሲሱ» ማስተማር። ፊንላንዳዊውም «ኦፒያ» መማር፣ «ኦፔታ» ማስተማር፣ «ኦፔታያ» አስተማሪ ይላል። ለሙያ ስምነት ግሩም ቃል ነው። ግን «አስተማሪ!» ብሎ የሚጣራ ልጅ ሰምታችኋል? እኔም አልሰማሁም።

ጠመኔ፦ የወረቀቱን ጉዳይ ለእኔ ተዉት። የደረጃ ዕድገቱ መሰላል ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር፣ ከፍተኛ መሪ መምህር እያለ ይወጣል። እዩት፣ ብቻውን የቆመው «መምህር» 3ኛው እርከን ነው። ሰነድ ላይ «መምህር እከሌ» ብሎ የጻፈ ጸሐፊ ማዕረግ ይጻፍ እርከን አይታወቅም። መሪ መምህሩ ዝቅ ተደረግሁ ይላል፣ ጀማሪው ከፍ ተደረግሁ ብሎ ዝም ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው። እርከኑ ራሱን በቻለ ዓምድ ይጻፍ፣ ከስም በፊት የሚመጣው «መምህር» ለሁሉም አንድ ይሁን። «ርዕሰ መምህር» ግን አይነካ፣ እሱ ኃላፊነት ነው።

ክፍል ውስጥ ለመቀየር የሚፈልግ ካለ ከ1ኛ ክፍል ይጀምር። 5ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ አፉ ለምዷል፣ ታዝዞ ሁለት ሳምንት ይሞክርና ይመለሳል። ሁለተኛ፣ አስተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው «ቲቸር» መባባል ያቁሙ። የሚያስጠላው ይህ ነው፤ የመምህራን ክፍል ውስጥ ቡና ሲጠጡ «ቲቸር እንትና» እየተባባሉ ልጁን «መምህር በል» ይሉታል። ሦስተኛ፣ ጥሪው ብቻውን እንዳይቀር ግሡን አስከትሉ። «ቲቸር፣ ና እየው» የሚል ልጅ «መምህር፣ ይምጡ ይዩት» ካላለ የተለወጠው ቆዳው ብቻ ነው።

ዓባይ ማዶ፦ ስዊድን ውስጥ ልጅ አስተማሪውን «አንተ» ብሎ በስሙ ይጠራል። አንቱታ የቀረ ጊዜ ትምህርት ቤት አልፈረሰም።

ጠመኔ፦ ስዊድን ውስጥ አገሩ በሙሉ ነው አንቱታን የተወው፤ ልጁ አስተማሪውን ብቻ ለይቶ አላቃለለም። እኛ ዘንድ ልጁ ሱቅ ሄዶ ባለሱቁን «እርስዎ» ብሎ ገብቶ አስተማሪውን «አንተ» ሲል ነው ነገሩ የሚጎረብጠው።

ሰዋስው፦ ጠመኔ ያለው ይጠቅማል፣ ግን ትእዛዝ ልጆች አፍ ላይ ብዙ አይሠራም። ፈረንሳይ በ1990 እ.ኤ.አ. ያንደኛ ደረጃ አስተማሪን ማዕረግ «አንስቲቲቱር» ከሚለው ወደ «የትምህርት ቤት ፕሮፌሰር» ቀየረች። ወረቀቱ ተቀየረ። ልጆቹ ግን አሁንም «ሜትር»፣ ለሴቷ «ሜትሬስ» ይላሉ። እነዚህ ከላቲኑ «ማጊስተር» የወጡ ናቸው፣ እሱም «ይበልጥ» ከሚል ቃል። ላቲን «ይበልጥ» ከሚለው መምህሩን፣ «ያንስ» ከሚለው «ሚኒስተር»ን፣ ማለትም አገልጋይን አወጣ። ዛሬ ማን ለማን እንደሚነሣለት ታውቃላችሁ። «ዶክተር»ም «ከማስተማር» የወጣ ነው፤ ሐኪሙ ወሰደው። ግሪኮች «ፔዳጎግ» ያሉት ደግሞ ልጁን ይዞ የሚያደርሰውን ባሪያ ነበር።

ይህን የማነሣው ለጨዋታ አይደለም። የአስተማሪ ቃል አይቀመጥም፤ ይንሸራተታል። ጃፓን «ሴንሴይ» የሚልበት ጽሕፈት ቻይና ውስጥ «ሺየንሸንግ» ተብሎ ይነበባል፣ ዛሬ ግን «አቶ» ማለት ነው። ለአስተማሪ ሌላ ቃል ይዘዋል፣ «ላኦሺ»። የእኛ «ሊቅ» እንኳ «ልህቀ» ከሚለው፣ ማደግና ማርጀት፣ የወጣ ነው። ሽማግሌ ነበር፣ አዋቂ ሆነ። በግዕዝ ዘዳሞት ፊት ይህን መናገር ድፍረት ነው፣ ካጠፋሁ ይታረም።

ግዕዝ ዘዳሞት፦ አላጠፋህም። «ልሂቅ»ም ከዚያው ነው።

የዲማ ደጅ፦ እንግዲያው «የኔታ» ስንት ዘመን ሳይንሸራተት ቆመ፣ ለምን?

ሰዋስው፦ ጋሼ፣ አሁን ደርሰዋል። ያቆመው «የኔ» የምትለዋ ናት ባይ ነኝ። መጥሪያ የሚሆን ቃል ብዙ ጊዜ «የእኔ» ይጨምራል፣ ከዚያም ይደርቅበታል። ዕብራይስጡ «ረቢ» ቃል በቃል «የእኔ ታላቅ» ነው፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 መግደላዊት ማርያም «ረቡኒ» ስትል የምናገኘው ቃል ዘመዱ ነው። የፈረንሳዩ «ሙሴ»፣ «አቶ» እንደ ማለት፣ መነሻው «የእኔ ጌታ» ነው። የቱርክ ተማሪ «ሆጃም» ይላል፣ «ሆጃ» ላይ «ም» ጨምሮ፣ «ሆጃዬ» ማለት ነው። የእኛዎቹም ያው ናቸው። «ጋሼ» ጋሻዬ ነው፣ «እትዬ» እኅቴ ነው።

ለክርክሩ የሚበጀው ደግሞ ይህ ነው። ቱርክ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የቋንቋ ለውጥ ላይ «ሙአሊም»ን አስወጥታ «ኧሬትመን» የሚል አዲስ ቃል አስገባች። «ማስተማር» ከሚለው ግሣቸው የተሠራ ነው። በትእዛዝ የመጣ ቃል ነበር፣ ግን ሥር ያዘ። ዛሬ ያንደኛ ደረጃ ልጅ «ኧሬትመኒም» ይላል፤ እሱም «ኧሬትመኔ» ነው። ከፍ ሲል ወደ «ሆጃም» ይሻገራል። የእኛም «መምህር» ደረቅ ጥሪ ሆኖ ከሚቀር ልጆቹ «የኔ» ቢጨምሩበት ይኖራል።

ፋግታ፦ «መምህሬ» ማለት ነው? ለሴትም ለወንድም ይሆናል። እኔ እዚህ ላይ እስማማለሁ።

ግዕዝ ዘዳሞት፦ አትቸኩዪ እቴ። የ6 ዓመት ልጅ ህ-ን በመካከል አጥርቶ አይናገርም፣ ይውጣታል። «መምህሬ» አፉ ላይ «መምሬ» ይሆናል። «መምሬ» ደግሞ ገጠር ሂጂና ጥሪ፣ ካህኑ ነው የሚዞረው። ቃሉ ራሱ ከ«መምህሬ» ያጠረ ነው፤ ሰዋስው ያለው የደረቀ «የኔ» ማለት ይህ ነው። አስተማሪ ነበር፣ ቄስ ሆኖ ቀረ። «መምህር እከሌ»ም ዛሬ ከተማ ላይ ሲሰማ ብዙ ሰው ሰባኪ ነው የሚመስለው።

ጠመኔ፦ ስለዚህ «የኔታ»ን በሃይማኖት ሸሽተን ወደ «መምሬ» ልንገባ ነው።

የዲማ ደጅ፦ (ሳቅሁ።) ወደ እኔው መጣችሁ።

ግዕዝ ዘዳሞት፦ መፍትሔ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስም ይከተል፣ «መምህር አልማዝ»፣ «መምህር ታደሰ»። ስም ሲከተል «ሬ» የምትገባበት ቦታ አታገኝም። ህ-ይቱ ብትዋጥ እንኳ «መምር አልማዝ» ነው የሚሆነው፣ ማንም በካህን አይሳሳትም። ሩሲያዎችም ስምንና የአባት ስምን ነው አጣምረው የሚጠሩት። ስሙ ራሱ አክብሮቱን ይሸከማል።

ዓባይ ማዶ፦ 60 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ 7 ክፍለ ጊዜ፣ 7 አስተማሪ። ልጁ የ7ቱን ስም እስኪይዝ ምን ይበል? አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሰዋስው «የኔ» የጨመረ ቃል ይኖራል ካለ፣ መዋዕለ ሕፃናት ግቢ ውስጥ ልጆቹ ሲሮጡ የሚሉትን ስሙ፤ «ቲቸርዬ»። ያቺ «ዬ» የማን ናት?

ሰዋስው፦ የ«እትዬ» «ዬ» ናት።