የተማሪዎች ስልክ፦ ቦርሳ ውስጥ ይቅር ወይስ ጠዋት ይሰብሰብ?

የፊዚክስ መምህር፦
በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደንቡ «ስልክ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ» ይላል። ደንቡን የማስከብረው ግን እኔና ጥቂት መምህራን ስለሆንን ክፍለ ጊዜው በክርክር ያልቃል፣ ክፉዎቹም እኛው ነን። አስተዳደሩ ጠዋት ሰብስቦ ከትምህርት በኋላ መመለስን እያሰበ ነው። የሞከራችሁ ምን ትላላችሁ? በእረፍት ሰዓትስ ቢፈቀድ?

ምክትል ርዕሰ መምህር፦
እረፍት ላይ አይፍቀዱ። በእረፍት የተላከ ስድብ ጠብ ሆኖ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይገባል። ስልክ መሰብሰቡንም በር ላይ አያድርጉት፤ ሰልፉ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ይበላዋል። የክፍል ኃላፊው መምህር ስም ሲጠራ ቁጥር በተጻፈበት ሣጥን ይቀበል፣ ሣጥኑም ቢሮ ይቆለፍበት። የተሰበረ ወይም የጠፋ ስልክ ማን እንደሚከፍል ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ይለቅ፤ አለዚያ በመጀመሪያው ሳምንት ሥራዎ ሁሉ ዳኝነት ይሆናል።

የማይሠራ አሮጌ ስልክ አስረክቦ ደህናውን ኪሱ የሚያስቀር አይጠፋም። ፍተሻ ውስጥ አይግቡ። ስልክ ሲታይ መምህሩ ስም መዝግቦ ማስተማሩን ይቀጥል፣ የቀረውን ቢሮው ይጨርስ። እርስዎን ከክርክር የሚያወጣዎት ሣጥኑ ሳይሆን ይህ ነው።

የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይርሱ። የአንዳንዶቹ መለኪያ ንባቡን የሚልከው ወደ ስልክ ነው፤ ፈቃዳቸው ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይለቅ፣ በየክፍሉም ማብራሪያ አይጠየቁ።

አንዲት እናት፦
ድንገት አደጋ ቢደርስ ልጄን በምን አገኛታለሁ? «ቢሮ ይደውሉ» ይባላል፤ የቢሮው ስልክ ይነሳል ወይ?

ምክትል ርዕሰ መምህር፦
እውነትዎን ነው እህቴ። የሚያነሳው ሰው በስም ካልተመደበ ክልከላውን ባይጀምሩት ይሻላል።

የትምህርት ጥናት ተከታታይ፦
ክልከላውን እደግፋለሁ፤ ለወላጆች ግን «ውጤት ያድጋል» ብላችሁ ቃል አትግቡ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ጥናት መሻሻል አግኝቷል፣ ከሁሉም ይበልጥ የተጠቀሙትም ደካማ ውጤት የነበራቸው ተማሪዎች ናቸው። በስዊድን በተመሳሳይ መንገድ ተሠርቶ በ2020 የታተመው ግን ለውጥ አላየም። በ2025 የወጣው የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጥናትም ስልክ በሚከለክሉና በሚፈቅዱ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች መካከል የአእምሮ ደኅንነት ልዩነት አላገኘም። ልጁ ቤቱ ገብቶ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ ካፈጠጠ የትምህርት ቤቱ ሣጥን ምን ያድርግ? ክፍል ውስጥ ጸጥታ ይገኛል ከተባለ ይበቃል፤ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም።

የፊዚክስ መምህር፦
አመሰግናለሁ። የሣጥኑንና የቢሮውን ስልክ ጉዳይ አብሬ አቀርባለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የመምህራኑስ ስልክ?

ምክትል ርዕሰ መምህር፦
እሱን በስብሰባው መጨረሻ ያንሱት፤ መጀመሪያ ካነሡት ሌላው አጀንዳ አይደረስበትም። በእኛ ዘንድ ክፍል ውስጥ ማንም መምህር ስልክ አያወጣም፣ እኔንም ጨምሮ።