መድኃኒቱ የወንድ ዘሬን ቀነሰው፤ የዕፅዋት እንክብል ልጀምር?

ተስፈኛው (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። 34 ዓመቴ ነው። ትልቁ አንጀቴ ስለሚቆስል ሁለት ዓመት ሙሉ ሰልፋሳላዚን እየወሰድኩ ነው። ሕመሙን በደንብ ይዞልኛል። ግን እኔና ባለቤቴ ልጅ ፈልገን ዓመት አለፈን። ስመረመር በአንድ ሚሊ ሊትር 6 ሚሊዮን ስፐርም ብቻ ተገኘ። እንቅስቃሴውም ደካማ ነው ተባልኩ። የዝንጅብልና የጥቁር አዝሙድ ጭማቂ የወንድ ዘርን ከመድኃኒት ጉዳት ይከላከላል ሲባል አነበብኩ። ከእነሱ የተሠራውን እንክብል ብጀምር ምን ትላላችሁ? ባለቤቴ በጣም ተጨንቃለች።

አልፌበታለሁ፦
አይዞህ ወንድሜ። እኔም ያንኑ መድኃኒት እወስድ ነበር። ሐኪሜ ሜሳላዚን በሚባል ሌላ የአንጀት መድኃኒት ቀየረልኝ። ከአራት ወር በኋላ ስመረመር ቁጥሩ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዛሬ ሴት ልጅ አለችኝ። ብቻ አደራ፣ በራስህ እንዳታቆመው። እኔ መጀመሪያ በራሴ አቁሜ ደም አስቀምጦኝ ሆስፒታል ተኝቻለሁ።

ፋርማሲስቱ፦
ልክ ነው። ሰልፋሳላዚን አንጀት ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። ዘሩን የሚጎዳው ሰልፋፒሪዲን የሚባለው ክፍል ነው፤ ሜሳላዚን ውስጥ ይህ የለም። ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቀየር ይመለሳል። አንድ ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ 70 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ ግን ወራት መታገሥ ግድ ነው።

ስለ ዕፅዋቱ ያነበብከው ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም። ሙከራዎቹ ግን በአብዛኛው አይጥ ላይ የተደረጉ ናቸው። አይጦቹ ዘር የሚጎዳ መድኃኒት ከጭማቂው ጋር ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ የዘር ፍሬያቸው ይመረመራል። ጭማቂው ሴል የሚያበላሹ ኬሚካሎችን ስለሚያከሽፍ ጉዳቱ ቀንሶ ይታያል። ለአይጥ የሠራ ሁሉ ግን ለሰው አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ 2,370 ጥንዶች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው ዚንክና ፎሊክ አሲድ እንኳ የዘር ፈሳሹን አላሻሻሉም። ጥቁር አዝሙድ ደግሞ የደም ስኳር ሊቀንስ ይችላል። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሳትጠይቁ አትጀምሩት።

የላብራቶሪዋ፦
በአንድ ምርመራ ብቻ አትደንግጥ፤ ቁጥሩ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለያያል። ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅበህ ነበር? በቅርቡ ኃይለኛ ትኩሳት ነበረብህ? ሁለቱም ውጤቱን ይለውጡታል። የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ መነሻ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው። ከዚያ በታች መሆን መፀነስን ያዘገያል እንጂ በሩን አይዘጋም።

ካንሰር ክፍል የምሠራ ነርስ፦
ይህን የሚያነብ ኬሞቴራፒ (ዘርን ሊጎዳ የሚችል የካንሰር መድኃኒት) ሊጀምር ያለ ሰው ካለ አንድ ነገር ልለምነው። በዕፅዋት ተማምነህ አትግባ። ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ዘርህን በቅዝቃዜ ስለማስቀመጥ ሐኪምህን ጠይቅ። ከተጀመረ በኋላ ይረፍዳል። በሕክምናው መሃል እንክብል ለመጨመር ብታስብም መጀመሪያ ለሐኪምህ ንገረው፤ የመድኃኒቱን ሥራ ሊያውክ ይችላል።

ተስፈኛው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለካ ከምርመራው ሦስት ሳምንት በፊት ኃይለኛ ትኩሳት ይዞኝ ነበር! እንክብሉን ትቼዋለሁ። ሰኞ ሐኪሜ ጋ ቀጠሮ አለኝ፤ ስለ ሜሳላዚን እጠይቀዋለሁ። ውጤቱን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።